የብርሃን ተራ

የታሰርኩበት ክፍል የገብስ መጋዘን ነበር። ለሴት እስረኛ የተዘጋጀ ቤት ስላልተገኘ አሰላ ዳር ባለ አንድ ግቢ ጓሮ ባዶ የቆየ መጋዘን ከፍተው አስገቡኝ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነው፤ የከረመ ገብስና የአይጥ ሽታ። ወለሉ ላይ የቀረው ገለባና አቧራ ከእግሬ ስር ተነሥቶ አፍንጫዬ ውስጥ ገባና ደጋግሜ አስነጠሰኝ።

«ይማርሽ፣» አለ ከጥግ የመጣ የሴት ድምፅ። «ስገባ እኔንም እንዲሁ አድርጎኛል። ይተውሻል።»

ሊይዙኝ የመጡት ሁለት ፖሊሶች ጨዋዎች ነበሩ። ሦስተኛ ክፍልን ንባብ ሳስተምር በሩ ላይ ቆመው «ይጨርሱ፣ እንጠብቃለን» አሉኝ። ልጆቹ እንግዳ የመጣላቸው መስሏቸው ከወትሮው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ። እኔም ገጹ እስኪያልቅ አስነበብኳቸው። ከዚያ ጠመኔውን ሳጥኑ ውስጥ መለስኩ፣ እጄን አራገፍኩና ወጣሁ። ባለቤቴን ከወሰዱት ሳምንት አልፎት ስለነበር ለምን እንደመጡ አልጠየቅኳቸውም።

ወሩ ኅዳር ነበር፤ የስልሳ ስድስቱ ኅዳር። ንጉሡ ዓመት ሳይሞላ ከዙፋናቸው እንደሚወርዱ ያኔ ማናችንም አናውቅም። የምናውቀው ብርዱን ነው። ከጭላሎ የሚወርደው ነፋስ በቆርቆሮው ክፍተት እየገባ ያፏጫል። ጥግ ያለችው ሴት ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ጠበቀችኝና «ኮቱ፣ ነይ ወደዚህ። እዚያ ነፋሱ ይመታሻል» ብላ ከተቀመጠችበት የጆንያ ንጣፍ ግማሹን ለቀቀችልኝ።

ዕድሜዋ ከእናቴ ጥቂት ያንሳል። ረጅም፣ ጥቁር ሻሽ ያሰረች፣ እጇ የሥራ እጅ የሆነ የአርሲ ገበሬ ሚስት ነበረች። «አዮ» ብዬ እጠራት ነበር፤ በኦሮምኛ እናት እንደማለት ነው። እሷ ደግሞ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» ትለኝ ነበር። አማርኛዋ ጥሩ ነው፤ ግን «እርስዎ» የሚለውን ቃል አትወደውም። የሚጠብቀንን አስር አለቃ «አንተ ልጅ፣ ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ ለአንተም እናት እንዲህ ትሰጣለህ?» ስትለው እሱ ይቆጣል፣ ከዚያ የሞቀ ውሃ ያመጣል።

አሁን ስለ ባለቤቴ መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ ለምርመራ የተጠራሁበት ቀን ነገር አይገባም።

ባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ አስተማሪ ነበር። ከዚያ በፊት ጀርመን አገር ሲማር ቆይቶ አባቱ ሲታመሙበት ትምህርቱን ሳይጨርስ ተመለሰ። አባቱን ቀበረ፣ እኔን አገባ፣ አሰላ ተመደበ። ጀርመን ያስተምሩት የነበሩት ሰው ግን ቦታውን ለሌላ አልሰጡበትም። ሥራው እዚያ እየጠበቀው ነበር።

ሥራውን ሲያስረዳኝ ቤታችን ደጃፍ ባለው የስልክ ሽቦ ይጀምር ነበር። «ነፋሱ ዝም ብሎ ሲነፍስ ሽቦው ዝም ይላል። በልኩ ሲመታው ግን ያንጎራጉራል። አይደል? የአተም እምብርት ውስጥ ያለችው ፕሮቶንም እንዲሁ ናት። ብርሃን በልኳ ሲያገኛት ትንቀጠቀጣለች።» ብርሃኑ በዓይን የሚታይ አይደለም። አንድ ትልቅ መሣሪያ ኤሌክትሮኖችን በቀለበት እያዞረ ካስሮጠ በኋላ ከቀጭን ብረት ጋር ያላትማቸዋል፣ ከዚያ ኃይለኛ ብርሃን ይወጣል። ያንን ብርሃን ፈሳሽ እስኪሆን ድረስ በቀዘቀዘ ሃይድሮጅን ውስጥ ይልኩታል። የተመታችው ፕሮቶን ተንቀጥቅጣ መቆየት አትችልም። የመንቀጥቀጧ ዕድሜ ስም እስከማይገኝለት ድረስ አጭር ነው። ሜሶን የሚባል ትንሽ ነገር ወርውራ ወደ ቀድሞዋ ትመለሳለች። «እኛ መንቀጥቀጧን አናይም፣» ይለኝ ነበር። «የወረወረችውን ብቻ እንቆጥራለን።»

የብርሃኑን ኃይል ጥቂት በጥቂት እየጨመሩ ሲቆጥሩ ቁጥሩ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። በወረቀት ላይ ሲሣል እንደ አርሲ ኮረብታዎች ጉብታ በጉብታ ይሆናል። እያንዳንዱ ጉብታ የአንድ መንቀጥቀጥ ምልክት ነው። እሱን እንቅልፍ የነሣው ሁለተኛው ጉብታ ነበር። ከስሩ ያለው አንድ ነው ወይስ ሁለት ተደራርበው? ሁለት ናቸው ብሎ ይጠረጥር ነበር። አንደኛው ብቻ ብርቅ የሆነ ከባድ ሜሶን የሚወረውር ከሆነ ያንን ብርቅዬውን ለይቶ በመቁጠር ሁለቱን መለየት ይቻላል። ይህን ሲናገር እጆቹ በአየር ላይ ጉብታውን ለሁለት ይከፍሉት ነበር።

መሣሪያው አንድ፣ ፈላጊው ብዙ ስለሆነ ብርሃኑ በተራ ነው የሚታደለው። ወፍጮ ቤት ማለት ነው። እህልሽን ይዘሽ ቀኑን ሙሉ ብትቆሚም ተራሽ ሲደርስ ከሌለሽ ከኋላሽ ያለችው ታስፈጫለች። የባለቤቴ ተራ ከፋሲካ በኋላ ነበር። ያንን ተራ ለሁለት ዓመት ሲጠብቅ አብሬው ጠብቄአለሁ።

እስከዚያው ተማሪዎቹ የማይታየው ነገር መንገድ እንዲታያቸው አንድ ትንሽ መሣሪያ ሠራ። የብርጭቆ ማሰሮ፣ ጥቁር ጨርቅ፣ ከሆስፒታል የተለመነ ስፒሪቶና ወደ ኋላ የሚስብ የብስክሌት ፓምፕ ነው። በጨለማ ከሚያበራ አሮጌ የእጅ ሰዓት ላይ ቀለሙን በመርፌ ጫፍ ፍቆ ውስጡ አስቀመጠ። ፓምፑ ሲሳብ ማሰሮው ውስጥ ጉም ይሆናል፣ ከመርፌው ጫፍ ደግሞ ነጫጭ ክሮች ብልጭ ብለው ይጠፋሉ። ይህ በጨለማ ካልሆነ አይታይም። ስለዚህ የትምህርት ቤቱን ዕቃ ቤት መስኮቶች በብርድ ልብስ ሸፈንን። ብርድ ልብሶቹን የሰቀልኩት እኔ ነኝ።

ያ ዘመን ተማሪው «መሬት ለአራሹ» የሚልበት ዘመን ነበር። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ተማሪዎች በቀን ብርሃን ጨለማ ቤት ውስጥ ሲሰበሰቡ አየ። ያየውን ተናገረ። ዘበኛውን አልወቅሰውም። ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው ሌላ ምን ሊመስለው ይችል ነበር?

መጋዘኑ ውስጥ ቀኑ ረጅም ነው። አዮ ለምን እንደታሰረች ነገረችኝ።

«መሬቱ የባለርስቱ ነው፣ እሺ። ግን የዘራነው እኛ፣ በሬው የእኛ፣ ዘሩ የእኛ። ገብሱ ሲደርስ ያንን ቀይ ኮምባይነር ላከብን። ሊያጭደው። እኛን ደግሞ ውጡ አለን። ምን እናድርግ? ወንዶቹ ዱላ አነሡ። እኛ ሴቶች ቆይ፣ ደም አይፍሰስ ብለን ሲንቄ ይዘን ወጣን። ሲንቄ ታውቂያለሽ?»

«ሰምቻለሁ። ለሴት ስታገባ የሚሰጣት ዘንግ ነው።»

«ዘንግ ብቻ አይደለም። ሴት ሲንቄ ይዛ መሀል ከቆመች ወንድ አያልፍም። ጦር የያዘም ቢሆን፣ ደም የጠማውም ቢሆን አያልፍም። ይቆማል፣ ከዚያ ሽማግሌ ይነጋገራል። አያቶቼም እንዲህ ነው የቆሙት። እኛም ኮምባይነሩ ፊት ተሰልፈን ቆምን።»

«ቆመ?»

«ጡሩምባ ነፋብን።» አዮ ራሷን ነቀነቀች። «ከየት አገር የመጣ ልጅ እንደሆነ እንጃ። ዱላ የያዙ ሴቶች መሰልነው። ከብት እንደሚያባርር ጡሩምባውን እየነፋ መጣ። የእኔ ሲንቄ ከጎማው ስር ገባ። አንዷ እግሯ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ ወንዶቹን ማን ይያዛቸው? አቃጠሉት።»

«የእርስዎም ባል አሉበት?»

«አለበት። አልዋሽሽም። የወረዳው ዳኛ ቢጠይቀኝም አለበት እላለሁ። አቃጥሏል፣ ይታሰራል። ኮምባይነሩስ ድሮም ቀይ ነው። ገና ሲመጣ ቀለሙን አይቼ፣ ይህ እሳት ይጠራል ብዬው ነበር ባሌን።» ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን ዋጠችው። «ሾፌሩን አልፈርድበትም። ባያውቅ ነው። ግን ሰው ይህን ሳያውቅ እንዴት ያድጋል?»

ባሏ ምን እንደሚሠራ ስጠይቃት ከእርሻው ሌላ ጠዋት ጠዋት ለከተማ ቤቶች ወተት እንደሚያደርስ ነገረችኝ። በአንድ ጆሮው እንደማይሰማም ነገረችኝ። ያኔ አወቅኩት። በየጠዋቱ በራችን ላይ «ወተት!» ብሎ ከሚገባው በላይ የሚጮኸው ሰውዬ ነበር።

«ወተት የሚያመጡልን እኮ እሳቸው ናቸው!» አልኳት።

አዮ አፏን ያዘች። «ሰዓቱ የሚጨሰው የአንቺ ባል ነው?»

«እሱ ነው።»

«ያ ራቢ፣ ጌታዬ! ቤት መጥቶ ስንት ቀን አወራልኝ! መምህሩ ሰዓት ጠርሙስ ውስጥ አስሯል፣ ሰዓቱ ጭስ ይተፋል አለኝ። እኔ ደግሞ፣ ጠጥተሃል እንዳልለው አይጠጣም። ‹ጊዜ ነው የሚጨሰው፣ ሰውዬ፣ የአንተም እንዲሁ እየጨሰ ነው፣ ሂድ ላሟን አስገባ› አልኩት።»

በዚያ መጋዘን ውስጥ ከልቤ የሳቅኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። አስር አለቃው በሩን በጫማው መታና «ሠርግ ቤት አደረጋችሁት?» አለን።

ጉዳያችንን የያዘው መቶ አለቃ ያስጠራኝ በማግሥቱ ረፋድ ላይ ነው። ቢሮው ሞቃት ነበር፤ ከሰል ተቀጣጥሏል። መቶ አለቃው ከሌላ ጠቅላይ ግዛት የተሾመ፣ ንግግሩ ለስላሳ፣ ጉንፋን የያዘው ሰው ነበር። በመሀረብ አፍንጫውን እየጠረገ ይናገራል። እንድቀመጥ አልጋበዘኝም።

«እሜቴ፣ የአሰላ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? እኔን ገድሎኛል። እንግዲህ ቶሎ እንጨርስ። እርስዎን የምከሰው ነገር የለኝም። ባለቤትዎንም ቢሆን ላጠፋቸው አልፈልግም፤ የተማረ ሰው ለአገር ይጠቅማል።» መሳቢያውን ከፍቶ የባለቤቴን ፓስፖርት አሳየኝና መልሶ ዘጋው። «ሊሄዱ እንደሆነ አውቃለሁ። ይሂዱ። በሚቀጥለው ሳምንት ይፈታሉ፣ ለፋሲካ ጀርመን ናቸው። እርስዎም ይከተሏቸዋል።»

«ምን አድርጌ?»

«ያዩትን መስክረው።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ኮምባይነሩን ያቃጠሉት ገበሬዎች በራሳቸው ተቆጥተው ካቃጠሉት ጉዳዩ የንብረት ማቃጠል ነው፤ ጥቂት ዓመት ያስቀጣል። ከተማሪዎች ጋር መክረው ካቃጠሉት ግን በመንግሥት ላይ የተደረገ ሤራ ይሆናል። ለዚያ የሚሰጠውን ቅጣት መቶ አለቃው በቃል አልተናገረም፤ በመሀረቡ አንገቱን ነካ አደረገ። ተማሪውንና ገበሬውን የሚያገናኝ አንድ ሰው ያስፈልገው ነበር። ያም ሰው የአዮ ባል ሆነ። ዘበኛው ጨለማው ቤት ውስጥ ከተማሪዎቹ ጋር አይቶታል።

«የዘበኛው ቃል ግን አንድ ነው፣» አለኝ መቶ አለቃው። «አንድ ምስክር አይበቃኝም። ሁለተኛ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ባለቤትዎን ነበር የጠየቅኩት።»

«ምን አለ?»

መቶ አለቃው በመገረም ሳቀ። «እንዳይደብቁኝ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሳቸው ግን ‹ዘበኛው ያየው ልክ ነው› አሉኝ። ‹ገበሬውም ነበረ፣ ተማሪዎቹም ነበሩ።› ደስ አለኝ፣ እስክሪብቶዬን አነሣሁ። ከዚያ ስለ ሽቦ ያወሩኝ ጀመር! ‹ሁለት ቆጣሪዎች በአንድ ቅጽበት ስለጮኹ አንድ ነገር መታቸው ማለት አይደለም› አሉኝ። ‹እርግጠኛ ለመሆን የአንዱን ሽቦ አስረዝመው ይዩ› አሉኝ። እሜቴ፣ ሰውዬውን የምስክር ቃል እንጂ ሽቦ አልጠየቅኳቸውም። እዚህ ከገቡ ወዲህ አእምሯቸው ደህና ነው?»

«ደህና ነው፣» አልኩት።

ባለቤቴ ምን እንዳለ እኔ ገብቶኛል።

በእነሱ ሥራ አንድ ቆጣሪ ብቻውን ቢጮህ አይታመንም። ሁለት ቆጣሪዎች በሁለት ወገን ያቆማሉ፣ ሁለቱ በአንድ ቅጽበት ሲጮኹ ብቻ ይመዘግባሉ። ሆኖም ሁለቱም ቀኑን ሙሉ በየራሳቸው ምክንያት ስለሚጮኹ አልፎ አልፎ በአጋጣሚ ይገጥማሉ። እውነት ይመስላል፣ ግን ምንም የለም። ይህን ለመለየት የአንደኛውን ሽቦ ሆን ብለው ያስረዝሙታል፤ ድምፁ ዘግይቶ እንዲደርስ። ያኔ በእውነት አብረው የጮኹት ሁሉ ይለያያሉ። እንዲያም ሆኖ የሚገጥም ከተገኘ እሱ አጋጣሚ ነው። የአጋጣሚውን ቁጥር ከጠቅላላው ይቀንሱታል። ባለቤቴ «የሥራዬ ግማሽ ያልሆነውን መቀነስ ነው» ይል ነበር። የአጋጣሚውን ሳይቀንስ ጉብታ አገኘሁ የሚል ሰው ከእነሱ መካከል ስሙ ይጠፋል።

የአዮ ባል በየጠዋቱ በከተማው ቤቶች ሁሉ ይዞራል። ተማሪዎቹ በየጊዜው ጨለማው ቤት ይገባሉ። አንድ ጠዋት ገጠሙ። ባለቤቴ ለመቶ አለቃው የነገረው ይህንን ነው። እምቢ ማለቱ ነበር። የተራውን ነገር ያውቃል፣ ፋሲካ ስንት ወር እንደቀረው ያውቃል፣ እያወቀ እምቢ አለ።

«እና አሁን እርስዎን አስጠራሁ፣» አለ መቶ አለቃው። «ያን ዕለት እዚያ ነበሩ። እሳቸው ግትር ናቸው፤ ሳይንቲስት ግትር ነው። እርስዎ ግን ሚስት ነዎት። ቃሉን አዘጋጅቼዋለሁ፣ መፈረም ብቻ ነው። ማን እንደፈረመ እሳቸው አያውቁም።»

ወረቀቱን ገፋ አደረገልኝ። በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የተጻፈ ነበር። ገበሬው ከተማሪዎቹ ጋር ተቀምጦ፣ ስለ ኮምባይነሩ ተመካክሮ፣ እሳት እንዲያነሣ ተነግሮት እንደወጣ ይላል። ከታች ለስሜ ቦታ ትተውለታል።

ባለቤቴ እንዲሄድ እፈልግ ነበር። ይህን ማለት ያለብኝ ጀግና እንዳልመስል ነው። ያቺን ተራ የጠበቅነው ሁለታችን ነን። ጉብታውን በእጁ ለሁለት ሲከፍለው ያየሁት እኔ ነኝ። መጋዘኑ ውስጥ ያለችውን ሴት ደግሞ ገና ከትናንት ወዲያ ነው ያወቅኳት። ከሰሉ ይንጣጣ ነበር። ወረቀቱን ወደ መቶ አለቃው መልሼ ገፋሁት።

ከዚያ «ወንበር ይስጡኝ» አልኩት።

«ለምን?»

«ልጽፍ ነው። ቆሜ አልጽፍም። ንጹህ ወረቀትም ይስጡኝ፤ ይህ የኔ ቃል አይደለም።»

መቶ አለቃው ጥቂት ተመለከተኝ። ከዚያ ተነሥቶ ወንበሩን ራሱ አመጣልኝ። ተቀመጥኩ። ቀሚሴ ላይ የተጣበቀውን ገለባ ነቀልኩ። ለልጆቹ ሰሌዳ ላይ እንደምጽፈው ፊደሉን እየለየሁ ጻፍኩ፤

«ያን ዕለት ጠዋት እዚያ ነበርኩ። ሰውዬው የመጡት ወተት ሊያደርሱ ነው። ቤታችን ሰው ስላጡ ወደ ትምህርት ቤቱ አመጡልኝ። ባለቤቴ ‹ይግቡና ይዩ› ስላላቸው ገቡ። ማሰሮውን አጎንብሰው አዩ። ሰዓቱ ለምን ይጨሳል ብለው ጠየቁ። ባለቤቴ ሲያስረዳቸው በማይሰሙበት ጆሯቸው በኩል ስለነበር የሰሙት አይመስለኝም። ፈጣሪያቸውን አመሰገኑ። ጣሳቸውን ተቀብለውኝ ሄዱ። ስለ መሬትም ስለ ኮምባይነርም የተናገረ ሰው አልነበረም። ይህን ያየሁ እኔ ነኝ።» ከስሩ ስሜን ከነአባቴና ከነአያቴ ጻፍኩ።

መቶ አለቃው አነበበው። «ይህ የወተት ታሪክ ነው፣» አለ።

«አዎ።»

«እሜቴ፣ የባልዎን መንገድ በገዛ እጅዎ ዘጉት።» ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ያዘነልኝ ይመስል ነበር። «ይህን ለእሳቸው አነብላቸዋለሁ። ማን እንዳስቀራቸው ይወቁት።»

«ያንብቡላቸው፣» አልኩት። «ቀስ ብለው ያንብቡላቸው።»

መጋዘኑ ስመለስ አዮ ከቤቷ የመጣላትን በቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ ቆርሳ እያቆየችልኝ ነበር። ቅቤው በብርዱ ረግቷል።

«ምን አሉሽ?»

«ያየሽውን ጻፊ አሉኝ።»

«ጻፍሽ?»

«ጻፍኩ።»

«እንግዲህ ደህና ነው። መጻፍ መቻል ደህና ነገር ነው። ብዪ አሁን፣ ፊትሽ አመድ መስሏል።» በላሁ። እሷ ጀርባዬን እያሻሸች ስለ ላሟ ታወራኝ ነበር። ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ ስለ ወረቀቱ አልነገርኳትም። ምን ብዬ እነግራታለሁ? የባልሽን ነፍስ ሽጪልን ተብዬ ነበር ይባላል?

በማግሥቱ አስር አለቃው ውሃ ሲያመጣ በሩ ላይ ቆም አለ። እየፈራ ነው የተናገረው።

«ባለቤትሽ ወረቀቱ ተነበበለት።»

«ምን አለ?»

«ድገሙልኝ አለ።»

«እና?»

«ደገሙለት። ከዚያ ጀርባውን ሰጠና ወደ ግድግዳው ዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። ይሳቅ ያልቅስ አላየሁም።»

እኔም እስከ ዛሬ አላወቅኩም።

የአዮ ባል በማቃጠሉ ብቻ ተፈርዶበት ታሰረ። እኛን ሳይከሱንም ሳይለቁንም በቀጠሮ አከረሙን። ፋሲካ እስር ቤት ውስጥ መጣና አለፈ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ጠዋት በተነሣሁ ቁጥር አሁን ያንን ብርሃን የሚቀበለው ማን ነው እል ነበር። መንግሥት ሲለወጥ በሮቹ ተከፈቱ፤ እኛም ወጣን፣ የአዮም ባል ወጣ። ጀርመን ያሉት ሰው ተራው ለሌላ እንደተሰጠ፣ ስለሆነው ሁሉ እንዳዘኑ ጻፉልን። ቀጥሎ ደግሞ ከአገር መውጣት የማይቻልበት ዘመን መጣ።

ባለቤቴ ጡረታ እስኪወጣ አሰላ አስተማረ። አንድ ጊዜ ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄዶ፣ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የውጭ መጽሔቶች ሲያነብ ዋለ። ሲመለስ አውቶቡስ ተራ ተቀበልኩት። ሻንጣውን ሳያስቀምጥ «ሁለት ናቸው» አለኝ።

«ምኖቹ?»

«ከጉብታው ስር ያሉት። ሁለት ናቸው። በብርቅዬው ሜሶን ለይተዋቸዋል።»

«ማን ለያቸው?»

«ሰዎች፣» አለ። «በደንብ ነው የሠሩት። አጋጣሚውን አጥርተው ቀንሰዋል።» ከዚያ ድንች ተወዷል ወይ ብሎ ጠየቀኝና በገበያው በኩል አድርገን ወደ ቤት ሄድን።

ዘንድሮ በክረምቱ ሞተ። ደረቱን አሞት ጥቂት ቀን ተኝቶ በዝናብ ቀን ሄደ። ለቅሶ የመጡት ብዙዎች ተማሪዎቹ ነበሩ፤ ሽበት ያወጡ፣ ኢንጂነር የሆኑ፣ ሐኪም የሆኑ። ከመካከላቸው ፊዚክስ የሚያስተምር አንዱ አጠገቤ ተቀምጦ «ጋሼ ያን ያህል አዋቂ ሆነው ለምን ወደ ምርምሩ አልተመለሱም?» አለኝ። «ተራው አለፈው» አልኩት።

እንግዶቹ ከሄዱ ወዲህ ይህን እጽፋለሁ። በቀን ጥቂት መስመር ነው የምጽፈው፤ ዓይኔም እጄም እንደ ድሮው አይደሉም። ስጽፍ የማስበው አንድ ነገር ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት፣ በጠብ ቀን እንኳ፣ ደመወዝ ባነሰ ቀን እንኳ፣ «ያኔ ፈርመሽ ቢሆን» የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። እኔም እንዳይጠይቀኝ እፈራ ነበር። አንዳንዴ መስኮቱ ጋ ቆሞ ዝም ሲል አሁን ነው እያልኩ ወደ ጓዳ እገባ ነበር።

አሁን ቤቱ ጸጥ ብሏል። ዛሬ ቢጠይቀኝ እወድ ነበር። ተቆጥቶም ቢሆን።